ፈቀቅ ያሉት ካሬዎች

አያቴ የሲባጎውን ጫፍ በከንፈሯ አርጥባ በክሩ እስር ሥር አሳለፈችው፤ ደጋግማ ጠመጠመችው፤ ሳበችና ቋጠረችው። ከዚያ ቀና ሳትል እጇን ወደ ታች ዘረጋችልኝ። ሌላ ሲባጎ አቀበልኳት።

እኔ ክሩ ከተወጠረበት የእንጨት ፍሬም ሥር ተጋድሜያለሁ። ነጩ ድር ከጫፍ እስከ ጫፍ በላዬ ተወጥሯል። በክሮቹ መካከል የአያቴ አገጭና ጣቶቿ ብቻ ይታዩኛል። አባቴ በከሰል ምልክት ያደረገባቸውን ቦታዎች እየተከተለች፣ አንዱን እስር፣ አንዱን የክር ጭብጥ፣ ስትጨርስ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ሲባጎ የታሰረበት ቦታ ቀለም አይገባውም፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያልታሰረው ሰማያዊ ይሆናል። ሽመናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጨርቁ ገና ሳይኖር ንድፉ ክሩ ላይ አለ ማለት ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ዛሬም ይታክተኛል፤ ያኔ ግን ማንም ሳያስረዳኝ ገብቶኝ ነበር። ከድር ሥር ተጋድሞ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ይገባዋል?

አያቴ ቋጠሮውን ልታጠብቅ ስትል ክሮቹ ይርገበገባሉ። ከላዬ ዝዝዝ የሚል ቀጭን ድምፅ ይመጣል። ለእኔ ብላ የምትጫወትልኝ ይመስለኝ ነበር።

«እማማ፣ ድገሚልኝ።»

«ምኑን?»

«ዘፈኑን።»

በክሮቹ መካከል ቁልቁል አየችኝ። «እሺ፣ ድንቢጥ» አለችኝና ሌላውን ሲባጎ በከንፈሯ አረጠበች።

ክሮቹን የሚያዘፍናቸው የእጇ መንቀጥቀጥ ነበር። በዚያ ቤት መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ የሰማሁት ነገር ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ ጓሮ ነበር። ፊት ለፊት ያለው ክፍል የአያቴና የፍሬሟ ነው፤ ሲመሽ ፍሬሙ ግድግዳ ተደግፎ ይቆምና ፍራሻችን ይዘረጋል። የውስጠኛውን ክፍል የአባቴ የሽመና ዕቃ ሞልቶታል፤ ወደ ጓሮ መውጣት የፈለገ ሰው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ በጎኑ ማለፍ አለበት። ጓሮው የእናቴ ነው። በርሜሎቿ፣ ማማሰያ ዱላዋ፣ ክር የምታሰጣበት ገመድ። ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ ሰማያዊ ስለሆነ ጎረቤታችን አናጢው «ሰማይ ስትሰርቅ የተያዘች» ይላታል። እናቴ መሳቅም ይታክታት ነበርና ከንፈሯን ከፈት አድርጋ መልሳ ትገጥመዋለች።

በእኛ ቤት «ደክሞኛል» ማለት ሰላምታ ነበር። አባቴ ከወንበሩ ሲነሳ ወገቡን ይዞ «ደክሞኛል» ይላል፤ እናቴ ከጓሮ «እኔስ» ትላለች፤ አያቴ «ገና ሳይነጋ?» ብላ ሁለቱንም ትገሥጻለች። እሷ ደክሞኛል ብላ አታውቅም። እኔም የማትደክም ሰው አድርጌያት ነበር።

አያቴ የምታውቀው ንድፍ አንድ ነው፤ ካሬ። ነጭ ካሬ በሰማያዊ ላይ፣ በመስመር የተደረደረ፣ ማታ መብራቱ እንደበራ ትልቅ ሕንፃ። «ካሬ ቅን ነው» ትላለች። «አራቱም ጎኑ ፊቱ ነው። የሚደበቅበት ጓዳ የለውም።» ካሬዋ ከጨርቁ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚሄደው እያንዳንዱን እስር ከጎረቤቱ ጋር ልክ ለልክ ስለምታስረው ነው። አንዱ ቋጠሮ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ትንሽ ከሳተ የካሬው ጠርዝ እንደ ተቀደደ ወረቀት ይሆናል። የእሷ ካሬ እንዲህ ሆኖ አያውቅም ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች፣ ሠፈሩም፣ ጨርቃችንን የምትገዛን ባለሱቋም ያውቁታል።

አንድ ቀን ራት ላይ ስለ አናጢው እናት ተነሣ። ሴትዮዋ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይውላሉ፤ ሰው ባለፈ ቁጥር «ማነህ?» ይላሉ። እናቴ «አንጀቴን ይበሉኛል» አለች።

«እኔን እንዲያ እንዳታደርጉኝ» አለች አያቴ። «እጄ የከዳኝ ዕለት ለወንድምሽ ንገሪውና ይውሰደኝ። ሰው ሲሠራ ተጎልቼ የማየው ነገር የለም።»

«እማዬ ደግሞ፣ እህል አፋችን ላይ እያለ።»

«ቃሌ ነው። ሰምታችኋል።»

አባቴ ከሳህኑ ቀና አላለም። እኔ ግን ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት። የአጎቴ ቤት ሩቅ ነው። ወንበሮቹ ሁሉ ላስቲክ እንደለበሱ ናቸው፤ ሲቀመጡባቸው ይጮኻሉ። አያቴ እዚያ ስንሄድ እጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ፎቶ ሊያነሷት የተዘጋጀች ይመስል፣ ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለች። ከዚያ ቤት ስንመለስ ሁልጊዜ ከአውቶቡስ ወርዳ ቀድማን ነው የምትሄደው።

ከዚያ ራት በኋላ ብዙም ሳይቆይ አባቴ ደግ ሆነ። እንዲያ ነው የመሰለኝ። ተነክሮ ከደረቀው ድር ላይ ሲባጎውን መፍታት የአያቴ ሥራ ነበር፤ ነጮቹ ካሬዎች አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ ማየት ትወድ ነበር። አባቴ ግን ድሩን ከገመዱ ላይ አውርዶ አቅፎ ያዘና «ዓይንዎን ያሳርፉ፣ እማማ። እኔ እፈታዋለሁ» አላት።

«ባልሽ ዛሬ ምን ነካው?» አለች አያቴ ወደ እናቴ ዞራ። «ታሟል እንዴ?»

አባቴ በሽመናው ክፍል መሬት ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ሲባጎዎቹን ፈታ፤ ፈትቶ ሲጨርስ ድሩን ትክ ብሎ ተመለከተው። አንገቱን አከከ። ከዚያ አንዱን እስር ይዞ ትንሽ ወደ ራሱ ሳበው። ቀጥሎ ያለውን ከእሱ ትንሽ አብልጦ ሳበ። ሦስተኛውን ደግሞ ከዚያም አብልጦ። ቆሞ አየው፤ እንደገና ተቀመጠ። የአያቴን ካሬዎች እየበታተነ ነበር። ለምን እንደሚበታትን የሚጠይቀኝ ቢኖር «ቀንቶባት ነው» እል ነበር።

ጨርቁ ከሽመና ወርዶ ሲታጠፍ አያቴ አንድ ጫፉን ይዛ ዘረጋችው። በላዩ ላይ አንድም ካሬ የለም። ነጩ በሰማያዊው ላይ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ይሄዳል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ደረጃ ነው፣ እማማ።»

«እኔ ደረጃ አሰርኩ?»

«አይ፣ ካሬውን ትንሽ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ አድርጌ ልሞክር ብዬ ነው።»

«የምትሞክረው በእኔ ካሬ ነው? ምን በደልኩህ?»

«ምንም።»

«አሰከርካቸው እኮ! እያቸው እስኪ። ግድግዳ ተደግፈው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ነው የሚመስሉት።»

አባቴ ሳቅ አመለጠው። አለመሳቅ ነበረበት። አያቴ ጨርቁን እላዩ ላይ ጥላለት ወጣች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ቃል አልተነጋገሩም። ወደ ጓሮ ስትሄድ በሽመናው ክፍል የምታልፈው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። ነገር ሲኖራት፣ እሱ እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ፣ ለእናቴ ትነግራታለች።

«ለባልሽ ንገሪው፣ የሚቀጥለው ድር ታስሮ አልቋል።»

«ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

እናቴ ከሰማያዊ እጇ ላይ ውኃ እያንጠባጠበች በመካከላቸው ትቆማለች። «ሰምቷል። ሰምታለች። ልሂድ?»

እኔ ከአያቴ ወገን ሆንኩ። አባቴ ሊስመኝ ሲል ጉንጬን አዞርኩበት። ሰውየው ካሬ ሌባ ነው። አያቴ ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ያሰረችውን፣ እሱ ቁጭ ብሎ ጎትቶ ያበላሽባታል፤ ከዚያ ደግሞ ይስቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በርሜሎቹ ጀርባ አሸዋ ስጫወት ሁለቱ መጡ። እናቴ ድሩን ቀለም ውስጥ እየነከረች፣ አባቴ ሌላውን ጫፍ ይዞላት።

«እስከ መቼ ነው?» አለች እናቴ።

«እስከሚሆን ድረስ።»

«ሳይብስ ንገራት።»

«እናትሽ ናት፤ አንቺ ንገሪያት።»

«እኔ? እኔማ አልችልም። ብነግራት በማግሥቱ ወንድሜ ቤት ናት። እዚያ ደግሞ… ታውቀዋለህ።»

«እንግዲያው ዝም እንበል።»

«ባለሱቋ አንድ ቀን ብትነቃስ?»

«ባለሱቋ ያየችው ደረጃ ነው። ደረጃ ደግሞ ወደደች።»

እናቴ ድሩን ከበርሜሉ አወጣችው። ሲወጣ አረንጓዴ ነበር፤ አየር ሲነካው ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ። ሁለቱም ቆመው አዩት። እኔ ደግሞ በርሜሎቹ ጀርባ ሆኜ ነገሩ ገባኝ። አያቴን አጎቴ ቤት ሊልኳት እየመከሩ ነው።

አባቴ አሁን ያኔ አያቴ ከነበረችበት ዕድሜ አልፏል። ባለፈው ወር የእግሩን ጥፍር ስቆርጥለት ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ያን ጊዜ ለምን በቀጥታ አልነገርካትም?»

«ምኑን?»

«እጇን።»

ትንሽ አሰበ። ለሰው የማይነገር ትልቅ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ደክሞኝ ነበራ» አለኝ። «መናገር እኮ ሥራ ነው። ተናግረህ፣ አልቅሰህ፣ አባብለህ፣ እንደገና ተናግረህ። ክሩን ፈቀቅ ማድረግ ይቀላል።» ከዚያ ሌላውን እግሩን ዘረጋልኝ።

ባለሱቋ ደረጃውን ስለወደደችው አባቴ ሌላም መሞከር ጀመረ። ድሩን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ እላዩ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ አንዱን እስር ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ እያደረገ ይውላል። ደረጃው ሄዶ ሄዶ ተመልሶ የሚወርድ ሆነ፤ አናጢው «የመጋዝ ጥርስ» ብሎ ጠራው። ካሬው መሃሉ ተሰንጥቆ ግማሹ ሲሸሽ የዓሣ አጥንት መሰለ። አንዳንዱ የማይሆን ሆኖ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ አባቴ ክሩን ሁሉ ወደ ቦታው ይመልስና እንደ አዲስ ይጀምራል፤ እንዲህ ውሎ ማታ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ትከሻው ወርዶ ይታያል።

«ሙከራህ ደህና ነው?» ይለዋል አናጢው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ።

«ይዘገያል እንጂ ደህና ነው።»

«እኔስ አንድ ቀን ቀጥ ያለ በር መሥራት ሰለቸኝ ብዬ፣ ጠማማውን ገጥሜ፣ ሙከራ ነው ብላቸው ይገዙኝ ይሆን?»

«ጠማማህ እኩል ከሆነ ይገዙሃል» አለው አባቴ።

ይህን መልስ ያኔ እንደ ቀልድ ሰማሁት። ዛሬ ግን የሥራው ምሥጢር ሁሉ እሱ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም በዚሁ ሥራ ነው የምኖረው። ቀጥ ባለ መስመር ላይ ትንሿ ስሕተት ትጮኻለች። መስመሩ ራሱ በየእርምጃው ፈቀቅ እያለ ከሄደ ግን ዓይን የትኛው ፈቀቅታ ታስቦ፣ የትኛው ሳይታሰብ እንደመጣ መለየት አይችልም። አባቴ የአያቴን መንቀጥቀጥ ከእሱ በሚበልጥ እርምጃ እየሸፈነው ነበር። እጇ ሲብስበት እርምጃውን ማስፋት ነበረበት፤ ለዚህ ነው ንድፉ በየወሩ እየተለወጠ የሄደው። የዚያን ዓመት ጨርቆች አንድ ላይ ማግኘት ብችል በተራቸው እደረድራቸው ነበር። ሰው የአባቴን ድፍረት ያይባቸዋል። እኔ የማየው የእሷን እጅ ነው።

በዚያው ሰሞን አያቴ ስኒዋን በሁለት እጇ መያዝ ጀመረች። ብርድ ስለሆነ ነው አልኩ። ቋጠሮውንም በጥርሷ ትስበው ጀመር፤ ይህ ደግሞ አዲስ ጥበብ መሰለኝና እኔም የጫማዬን ማሰሪያ በጥርሴ ልፈታ ስሞክር ከደጃፉ ደረጃ ላይ ወደቅሁ።

ከዚያ ባለሱቋ አዲስ ትዕዛዝ ይዛ መጣች። ወፍራም፣ ረጋ ያለች፣ ስትናገር ጨርቅ የምትዳብስ ሴት ናት።

«እማማ፣ ደስ ይበልዎት» አለች። «የድሮው ካሬ ተፈለገ። ቀጥ ያለው። ለሙሉ መጋረጃ የሚሆን።»

አያቴ ከፍሬሟ ቀና አለች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። «አላልኩም? ሰው ስካር ይሰለቸዋል አላልኩም? ለባልሽ ንገሪው!»

«አልሠራም» አለ አባቴ ከውስጠኛው ክፍል።

«ምን ማለት ነው አልሠራም?» አለች ባለሱቋ። «ወንድሜ፣ ካሬ እኮ ነው።»

«ካሬ ትቻለሁ።»

«እሱ ተወ እንጂ እኔ መች ተውኩ?» አለች አያቴ። «ተቀብለናል፣ ልጄ። ሂጂ፣ በሰላም ግቢ።»

ባለሱቋ ስትወጣ እናቴ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆመች። አባቴን አየችው። እሱ መርገጫው ላይ ያለውን የገዛ እግሩን ያያል። ሽማግሌ ሆኖ ታየኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። የእጁን አገኘ አልኩ።

አያቴ ያን ድር ለማሰር ከወትሮው ብዙ ቀን ፈጀባት። ከፍሬሙ ሥር ተጋድሜ ሲባጎ ሳቀብላት ክሮቹ ያለማቋረጥ ይዘፍኑ ነበር፤ እኔም ደስ ብሏት ነው ብዬ አብሬ አንጎራጉራለሁ። አባቴ አንድ ጊዜ መጥቶ ከጎኗ ተንበረከከ። «ላግዝዎት» አላት፤ በቀጥታ፣ ያለ እናቴ። ሳታየው ሲባጎውን በጥርሷ አጠበቀችው። እሱም ትንሽ ቆይቶ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ።

ድሩ ተነከረ፤ ደረቀ። አባቴ እንደ ልማዱ አቅፎት ወደ ውስጥ ገብቶ ሲባጎውን ፈታ። ድሩን ሽመናው ላይ ሊወጥር ሲል ግን አያቴ በርጩማዋን ይዛ ገባች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም። በርጩማውን ከአባቴ ክንድ አጠገብ አስቀምጣ ተቀመጠችበት።

«ዛሬ ካሬዬ ሲወለድ አያለሁ» አለች።

አባቴ እጁን ወደ ክሩ ሰደደ።

«አትንካው» አለችው። ከተጣሉ ወዲህ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። «እንደታሰረ።»

«እማማ፣ ትንሽ ላስተካክልና…»

«እንደታሰረ አልኩ እኮ።»

አባቴ ወደ ጓሮው በር ዞረ። እናቴ እዚያ ቆማለች፤ ጣቶቿ መሬቱ ላይ ሰማያዊ ጠብታ ይጥላሉ። «እንግዲህ» አለች።

እሱም መርገጥ ጀመረ። መወርወሪያው ሄደ፣ መጣ። መጀመሪያ ሰማያዊው ወጣ፤ ጥሩ፣ ደማቅ ሰማያዊ። ከዚያ ነጩ መጀመር ሲገባው አንዱ እስር ላይ ቀድሞ ጀመረ፤ ሌላው ላይ ዘገየ፤ ሌላው ላይ ከናካቴው ሰማያዊ ገብቶበት ዳመነ። አባቴ ቀስ ብሎ ነበር የሚሠራው፣ ቢዘገይ የሚለወጥ ይመስል። ካሬው አለቀ። የሆነ ሰው የጨበጠው ወረቀት ይመስላል።

«አባዬ አበላሸው!» ብዬ ጮህኩ።

ማንም አልተቆጣኝም፤ ማንም አልሰማኝም። አያቴ ተነሥታ ጣቷን የካሬው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። ጠርዙን ተከትላ ስትሄድ ጣቷ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። ጠርዙም እንደዚያው።

«የኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው» አላት አባቴ።

«ሌሎቹም?»

መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ?»

«ከእሱ ጀምሮ።»

እጇን ከጨርቁ ላይ አንሥታ ብብቷ ሥር ሸሸገችው። «ብርድ ነው እያልኩ» አለች፤ ለማንም አይደለም። በርጩማው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ አያቴ «ለወንድምሽ ንገሪው» አለች። «ይምጣና ይውሰደኝ።»

«እማዬ፣ እባክሽ።»

«ቃሌ ነው ብያችኋለሁ። ቃል ደግሞ የሚሰጠው ለዚህ ቀን ነው።»

እኔ አለቀስኩ። አባቴ አሸነፈ፤ ካሬዎቿን አጥፍቶ፣ ፊቷ ላይ አጥፍቶ አሳይቶ፣ ሊያስወጣት ነው። ቀሚሷን ይዤ «አትሄጂም» እላታለሁ፤ እሷ ፀጉሬን ትዳብሰኛለች፣ ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ አባቴ እሷን ላለማስወጣት ዓመቱን ሙሉ ወገቡን እንደሰበረ የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ እንኳ አሁን አውቃለች።

አባቴ መቀስ አነሣ። የተሸመነውን ቁራጭ ቆረጠና መሬት ላይ ጣለው። ድሩን አላላ። ወደ አያቴ አልዞረም።

«ለእናትሽ ንገሪያቸው» አለ፣ «ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር ላስቸግራቸው ነው።»

እናቴ «ሰምታለች» አለች።

«ደረጃው የት ላይ መቆም እንዳለበት አይገባኝም። እስከ ዛሬ በግምት ነው የገፋሁት።»

አባቴ ክሩን እንደያዘ ጠበቀ። ወንበሩ ላይ ሲያረጅ የማየው መሰለኝ።

«ለባልሽ ንገሪው» አለች አያቴ በመጨረሻ፣ «በግምት እንደሆነማ ታይቶኛል። አንዱ እርምጃ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ሰካራም እንኳ እንደዚያ አይረግጥም።»

«ታዲያ ያኔ አይነግሩኝም ነበር?»

«ተኳርፈን አልነበር እንዴ!»

እናቴ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋን ሳይ ግን እየሳቀች ነው።

አያቴ በርጩማዋን ይበልጥ አስጠጋች። ድሩን አጎንብሳ፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ ክር በክር አየችው፤ እጇ ከብብቷ አልወጣም። «ከዳር አትጀምር» አለችው። «ከዳር ስለምትጀምር ነው መሃል ስትደርስ የሚጠፋህ። ከመሃል ያዝ።»

«ከመሃል?»

«ከመሃል ወደ ሁለቱም ጎን። መሃሉ ቀድሞ ይውጣ፤ ግራና ቀኙ እኩል ይከተሉት። ሳብ። አይ፣ በዛ። መልስ። ትንሽ። እዚያ ጋ ተወው።»

ከካሬ በቀር ሌላ ነገር ስታስብ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። አባቴ ይስባል፤ እሷ ታያለች። በእሱ ጣት የማይታየው በእሷ ዓይን ይታያል። የዳመነውን ነጭ ወደ ጠርዙ ወስዳ በእርምጃው ውስጥ አስገባችው፤ ቀድሞ የጀመረውን እስር የቀስት ጫፍ አደረገችው። አንዱን እስር አስስባው አስመልሳው፣ አስስባው አስመልሳው፣ አባቴ «እማማ፣ ክሩ ነፍስ ቢኖረው ይሰድበን ነበር» ሲላት «እኔን ነው እንጂ አንተን ምን አድርገሃል ብሎ» አለችው።

ባለሱቋ ጨርቁን ልትወስድ የመጣች ቀን የሆነውን እናቴ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ቀስቶቹን ዳበሰቻቸው፤ አገላበጠቻቸው። «ያዘዝኩት ቀጥ ያለ ነበር» አለች። አያቴም ከበርጩማዋ ሳትነሣ፣ «ቀጥ ያለ ከፈለግሽ ሌላ ቤት ጠይቂ፣ ልጄ። በዚህ ቤት ቀጥ ያለ አይሠራም» አለቻት። ባለሱቋ ጨርቁን ትታው ተቆጥታ ወጣች፤ ቤታችንም ያን ሰሞን ከወትሮው ይበልጥ ተቸገረ። ለአጎቴ ግን ማንም አልነገረውም። ሲባጎው ወደ እናቴ እጅ ዞረ። አያቴ የሽመናው ክፍል ውስጥ ቦታ አገኘች፤ እስክትሞትም ድረስ፣ አባቴ እንደሚለው፣ ዕድሜውን በትዕዛዝ አሳጠረችው።

ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። ከዚያ ቀን ዛሬም የሚታየኝ፣ የመጨረሻው እስር ሲቀር፣ አባቴ እጁን ክሩ ላይ እንዳደረገ ቀና ብሎ ሲያያት ነው። እሷ ዓይኗን አጥብባ ተመለከተች።

«ትንሽ» አለች።

ሳበ።

«ሌላ ትንሽ።»

ሳበ።

«በቃ።»

አባቴ ፈቀቅ ያሉት እስሮች እንዳይመለሱ ከእንጨት ዘንግ ጋር አሰራቸውና በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አጠበቃቸው። «ደክሞኛል» አለ።

«እኔም» አለች አያቴ።

እናቴ ከበሩ ላይ መጣች። መሬት የወደቀውን ቁራጭ፣ ያንን የተጨበጠ የሚመስል ካሬ፣ ጎንበስ ብላ አነሣችው። አላየችውም። ክንዷን ከክርኗ ጀምሮ እስከ ጣቶቿ ድረስ በደንብ ጠረገችበት፤ አንዱን እጅ፣ ከዚያ ሌላውን። ሲደርቅላት ጓሮ ወጣችና የበርሜሉ ጠርዝ ላይ ጣል አደረገችው።